ከዘፈናችሁ ጀምሩ፦ ስለ ኦፕን ባክ ሄድፎን ኮዬ ፈጬ ላይ ያወራሁት

(ቅዳሜ ከሰዓት ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ ኮሚናል ቤቱ ውስጥ ያደረግኩት ንግግር ነው። ከተቀዳው ላይ ራሴ ነኝ የጻፍኩት። መደጋገሙን ቀነስኩት፣ የተቀረው እንዳወራሁት ነው።)

እሺ እንደምን ዋላችሁ። ኋላ ያላችሁ ይሰማችኋል አይደል? ጥሩ።

ዛሬ የማወራው ስለ ኦፕን ባክ ሄድፎን ነው፣ ማለት ጀርባው ያልተደፈነ፣ ወንፊት ምናምን ያለበት ሄድፎን። መጀመሪያ ግን ማን መግዛት እንደሌለበት ልናገርና እንገላገል። ጠዋት ከዚህ ሜክሲኮ ድረስ ባስ ውስጥ እየሰማሁ እሄዳለሁ ያለ ሰው ይርሳው። የረዳቱ ጩኸት፣ የሞተሩ፣ የጎረቤታችሁ የስልክ ወሬ ሁሉም ይገባል፣ የእናንተ ዘፈን ደግሞ ሁሉም ሰው ጋ ይወጣል፣ ከጎናችሁ ያለው ሰው ግጥሙን ሊሸመድደው ይችላል። ስቱዲዮ ቤት ውስጥ ሕፃን አስተኝታችሁ ማታ ልትሰሙ ከሆነም ይቅርባችሁ፣ ዶርም ውስጥ ስድስት ሆናችሁ የምትኖሩም እንደዛው። ጂምም አይሆንም። በቃ ይሄ ነገር ቤት ተቀምጦ፣ በር ዘግቶ፣ ወይ ብቻውን ወይ ከማይቆጣ ሰው ጋር ለሚሰማ ሰው ነው።

ታዲያ ይሄ ሁሉ ችግር እያለበት ሰው ለምን ይወደዋል ካላችሁ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ሄድፎን ውስጥ ድምፁን የሚሠራው ድራይቨር የሚባለው ነገር ወደ ፊት ሲገፋ ከፊቱ ያለውን አየር ይጨምቃል፣ በዛው ሰዓት ከጀርባው ያለውን ይስባል፣ ስለዚህ ሁሌም ሁለት ድምፅ አለ፣ አንዱ ወደ ጆሮ አንዱ ወደ ጀርባ። ዝግ ሄድፎን ላይ የጀርባው ድምፅ መውጫ ስለሌለው ፕላስቲኩን መትቶ ይመለስና ከፊተኛው ጋር ይደባለቃል፣ ጥሩ የተሠራ ከሆነ ውስጡ ስፖንጅ ምናምን አድርገው ይውጡታል፣ ርካሽ ከሆነ ግን ያ የታፈነ፣ ጭንቅላት ውስጥ የሚጮህ ድምፅ ይመጣል። ኦፕን ባኩ ግን ዝም ብሎ ወደ ውጭ ይለቀዋል። አንድ ሰው ጠባብ ክፍል ውስጥ ቆሞ ሲያወራና በረንዳ ላይ ወጥቶ ሲያወራ ያለው ልዩነት ነው በቃ። ዘፋኙ ጭንቅላታችሁ መሃል ሳይሆን ትንሽ ወጣ ብሎ የቆመ ይመስላል፣ ክራሩ በግራ ከበሮው በቀኝ እያለ ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ።

ዋጋውን የምትከፍሉት ቤዙ ላይ ነው። ወፍራሙ ድምፅ ሞገዱ ረጅም ስለሆነ ከጀርባ የወጣው ዞሮ ይመጣና የፊቱን ያጠፋዋል፣ ስለዚህ አብዛኛው ኦፕን ባክ ከ50 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል) በታች ጉልበቱ ይወርዳል። ይሄን ያዙልኝ፣ በኋላ ያስፈልገናል።

ታሪኩን በአጭሩ፣ በገበያ ላይ የመጀመሪያው ኦፕን ባክ የሚባለው የጀርመኖቹ የሴንሃይዘር ኤችዲ 414 ነው፣ እ.ኤ.አ. 1968 ላይ የወጣው፣ ያቺ ቢጫ ስፖንጅ ያላት፣ ፎቶዋን አይታችሁ ይሆናል። ከዛ በፊት የነበሩት ከባድ፣ ጆሮ የሚደፍኑ ነገሮች ነበሩ። ይሄ ይበቃል፣ ታሪክ ለማውራት አልመጣሁም።

አሁን እዚህ እኛ ሰፈር ለምን ጥሩ እንደሆነ። መሃል ከተማ ዋናው መንገድ ዳር የሚኖር ሰው ኦፕን ባክ ቢገዛ ገንዘቡን ነው የሚያባክነው፣ እኛ ጋ ግን ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ ጸጥ ይላል፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ከሆናችሁማ አለ አይደል ውሻው ብቻ ነው የሚረብሸው፣ ራቅ ብሎ ደግሞ ጅብ። እርግጥ ፊት ለፊታችሁ ብሎክ እየተሠራ ከሆነና ቀኑን ሙሉ ሚክሰር የሚዞር ከሆነ ቀን ቀን እንዳትሞክሩት። ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው ነገር፣ ቤት ያለ ሰው በር ሲንኳኳ፣ ውሃ መጣ ሲባል፣ ልጅ ሲያለቅስ መስማት አለበት። እኔ በተለይ ውሃው! በሳምንት ስንቴ እንደሚመጣ ታውቁታላችሁ፣ ዝግ ሄድፎን አድርጋችሁ ውሃው መጥቶ ቢሄድ ቤት ውስጥ የሚመጣባችሁን አስቡት። ጆሮም አያልብም፣ ሁለት ሦስት ሰዓት ቢደረግ አይከብድም።

አሁን ወደ ዋናው። ሰዎች መጥተው የሚጠይቁኝ "ምርጡ የቱ ነው" ብለው ነው፣ እኔ ደግሞ መልሼ "ምን ትሰማለህ፣ ስልክህን አምጣ" ነው የምለው። ስልካችሁን ክፈቱና ባለፈው ወር ደጋግማችሁ የሰማችኋቸውን ሃያ ዘፈኖች እዩ። የምትወዱ የሚመስላችሁን ተዉት፣ በትክክል የሰማችሁትን። ምርጫው እዛ ላይ ነው ያለው፣ ኢንተርኔት ላይ ፈረንጁ የሚያወድሰው ሄድፎን በፈረንጁ ዘፈን የተፈተነ ነው፣ የእናንተ ሃያ ዘፈን ግን ሌላ ሊሆን ይችላል።

ለምሳሌ የድሮውን ዘፈን የምትወዱ አላችሁ፣ እዚህ ፊት የተቀመጡት ጋሼዎች ዓይናቸው ይናገራል። እ.ኤ.አ. 1969 ላይ አምሃ እሸቴ አምሃ ሬከርድስን ሲከፍት ሸክላ ማሳተም የመንግሥት ብቸኛ መብት ነበር፣ እሱ ደፍሮ ጀመረና ከዛ በኋላ ባሉት ዓመታት የወጣው ነገር ዛሬም ድረስ ዓለም ይሰማዋል፣ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ኢትዮፒክስ ብሎ በሲዲ በተከታታይ ሲያወጣው። እነዚህ ቅጂዎች ብዙዎቹ ባንዱ በሙሉ አንድ ላይ ቆሞ፣ በጥቂት ማይክ፣ ብዙ ቆርጦ መቀጠል በሌለበት የተቀዱ ናቸው። ስለዚህ ያላቸው ነገር በሙሉ መሃሉ ላይ ነው፣ ድምፃዊው፣ ሳክስፎኑ፣ ኦርጋኑ፣ ጊታሩ። በጣም ወፍራም ቤዝ የለም፣ በጣም ቀጭን ትሪብልም የለም። ቢኖር እንኳ ሸክላው ላይ ያለው ጭረት ነው።

እንግዲህ ይሄን የሚሰማ ሰው የሚያስፈልገው ሚዱ፣ ማለት መሃሉ፣ የሚያምር ሄድፎን ነው፣ ሌላው ሌላው ትርፍ ነው። ለዚህ ደግሞ የሴንሃይዘር 600 ቤተሰብን የሚያህል እስካሁን አልሰማሁም። ኤችዲ 600 እ.ኤ.አ. 1997 ላይ ነው የወጣው፣ ይኸው እስካሁን ይሸጣል፣ ኤችዲ 650 ደግሞ 2003 ላይ፣ ትንሽ ሞቅ ያለ፣ ትሪብሉ ለስለስ ያለ። ድሮፕ የሚባለው ድርጅት ያንኑ 650ን ኤችዲ 6ኤክስኤክስ ብሎ በርካሽ ያወጣው አለ። እነዚህ ላይ ጥላሁን ሲዘፍን ትንፋሹን የሚወስድበት ቦታ ይሰማችኋል፣ ያ የድምፁ መንቀጥቀጥ በደንብ ይወጣል፣ ግን ሸክላው ሲንጫጫ ጆሮ አይወጋም። ቦታው ሰፊ አይደለም፣ የፊት ወንበር ላይ የተቀመጣችሁ ነው የሚመስላችሁ፣ ለአዝማሪ ቤት ግን የፊት ወንበር አይደል የሚሻለው?

በተቃራኒው ደግሞ የቤየርዳይናሚክ ዲቲ 990 ፕሮ አለ። ጥሩ ሄድፎን ነው፣ ምቾቱ አይወራ፣ ቬልቬቱ ለስላሳ፣ ጠንካራ ነው አይሰበርም። ግን ትሪብሉ ስለታም ነው፣ 8 ሺህ ኸርዝ አካባቢ ከፍ ይላል፣ "ሰ" የምንልበት አካባቢ ማለት ነው። አሁን የሰርግ ዘፈን አስቡት፣ ጭብጨባ፣ እልልታ፣ ጸናጽል፣ ኪቦርድ፣ ሁሉም እዛው ላይ ነው የሚጮኸው፣ አንድ ሰዓት ከሰማችሁ ራስ ምታት ይዛችሁ ነው የምትነሱት። የካሴት ዘመን ዘፈን፣ ማለት ከካሴት ተገልብጦ ዩቲዩብ ላይ የተጫነው፣ ያ ሽሽሽ የሚለው ድምፅ ዘፋኙን ቀድሞ ይመጣል። ግን ይሄው ሄድፎን ለፊልም፣ ለጌም፣ ንጹሕ ሆኖ ለተቀዳ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ይመቻል፣ ቤዙም ከኦፕን ባክ አንፃር ደህና ነው። ስለዚህ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፣ የዘፈን ዝርዝራችሁ ላይ እልልታ ካለ ተጠንቀቁ ነው የምለው።

ኢትዮ ጃዝ የሚሰማ ሰው ጉዳይ ትንሽ ይለያል። የሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎን ላይ መዶሻዋ ስታርፍ ያለው ደወል የመሰለ ድምፅና ከዛ በኋላ የሚንሳፈፈው ነገር አለ፣ ያ አየር ይፈልጋል፣ ስፋት ይፈልጋል። እዚህ ላይ የሴንሃይዘር ኤችዲ 560ኤስ ወይም የኦስትሪያዎቹ የኤኬጂ ኬ702 ይሻላል፣ በተለይ ኬ702 ቦታው ሰፊ ነው፣ ቤዙ ግን ሳሳ ይላል፣ ኮንጋውና ቤዝ ጊታሩ ሥጋ ያጣሉ። 560ኤሱ መሃል ላይ ነው፣ ሁሉንም ደህና ደህና ያደርጋል፣ በየትኛውም የሚያሳብድ አይደለም፣ የምትሰሙት ዘፈን የተደባለቀ ከሆነ ግን እሱን ግዙ ነው የምለው ብዙ ሳላስብ።

በገና የሚሰማ አለ? እሺ አንቺ። በገና ከባድ ፈተና ነው ለሄድፎን። አሥር አውታር አለው፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ ግን በገናን በገና ያሰኘው ያ ንዝረቱ ነው፣ ከአውታሩ ስር የምትገባዋ ቁራጭ ቆዳ የምታመጣው ዝዝዝ የሚለው። ስለዚህ ዝቅተኛው ድምፅም አለበት፣ ከላዩ ላይ ደግሞ በጣም ረቂቅ የሆነ ንዝረት አለበት፣ ሁለቱንም በአንዴ የሚያወጣ ሄድፎን ይፈልጋል። እዚህ ላይ ፕላናር የሚባለው ዓይነት ይበልጣል። ፕላናር ማለት ድራይቨሩ እንደ ተራው ትንሽ ስፒከር ሳይሆን ቀጭን ሰፊ ንጣፍ ሆኖ ላዩ ላይ ሽቦው የተዘረጋበት፣ ከፊትና ከጀርባው ማግኔት ያለው ነው። ቤዙ ቶሎ አይወድቅም፣ እስከ ታች ድረስ እኩል ይወርዳል። የቻይኖቹ ሃይፊማን ናቸው በርካሽ ያመጡት፣ ኤችኢ400ኤስኢ እና ሰንዳራ። ሰንዳራ 2018 ላይ ሲወጣ 500 ዶላር ነበር፣ አሁን ወደ 300 አካባቢና ከዛም በታች ወርዷል። 400ኤስኢው ደግሞ 100 ዶላር አካባቢ ነው፣ በዛ ዋጋ ፕላናር ማግኘት ከዓመታት በፊት ቢነገረኝ አላምንም ነበር። የሃይፊማን ችግር አሠራሩ ነው፣ አንዱ ጥሩ ሆኖ ይመጣል ሌላው የሆነ ነገር ይጎድለዋል የሚለው ስሞታ ብዙ ነው፣ ከውጭ የሚመጣ ሰው ይዞት ሲመጣ መመለስ ስለማይቻል እሱን አስቡበት።

አሁን ወጣቶቹ ጋ ልምጣ፣ አማፒያኖ፣ ትራፕ፣ አዲሱ የኛ ሂፕ ሆፕ፣ ሬጌ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከሃያው ዘፈን አሥራ አምስቱ እንደዚህ ከሆነ ኦፕን ባክ አትግዙ። እነዚህ ዘፈኖች ሲሠሩ ሀሳቡ ከ30 እስከ 60 ኸርዝ ያለው ቤዝ ደረት እንዲመታ ነው፣ ቅድም ያልኳችሁ የኦፕን ባክ ድክመት እዛው ላይ ነው። የቤየርዳይናሚክን ዲቲ 770 ፕሮ የሚባለውን ዝጉን ግዙና ደስ ብሏችሁ ስሙ፣ ገንዘባችሁም ይተርፋል። ኦፕን ባክ የግድ ካላችሁ ፕላናር፣ ሌላ አማራጭ የለም። ሮክ የሚሰማ፣ ጊታር የሚወድ ካለ ደግሞ የኒውዮርክ ብሩክሊኖቹ ግራዶ አሉ፣ ጊታር ላይ ሕይወት አላቸው፣ ስፖንጁ ግን ጆሮ ይኮረኩራል፣ ከአንድ ሰዓት በላይ አይደረጉም።

ስለ ፋይል አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። ጥሩ ሄድፎን መጥፎ ፋይልን ያጋልጣል። ከዩቲዩብ ወርዶ፣ ወደ ኤምፒ3 ተቀይሮ፣ ቴሌግራም ላይ ዞሮ ዞሮ፣ እንደገና ሌላ ሰው በሌላ አፕ ቆርጦት የመጣ ዘፈን በ300 ዶላር ሄድፎን ቢሰማ ያው ነው፣ እንዲያውም ይብሳል። መጀመሪያ የምትወዱትን ዘፈን ደህና ቅጂ ፈልጉ፣ ብዙው ድሮ በሲዲ ወጥቷል፣ አሁን ደግሞ ስትሪሚንግ ላይም አለ።

እሺ ወደ ኃይል እንምጣ፣ ሰው የሚሸወድበት ቦታ ይሄ ስለሆነ ትንሽ ታገሱኝ። ካርቶኑ ላይ ኦም የሚል ቁጥር አለ፣ ሄድፎኑ ኤሌክትሪኩን ምን ያህል እንደሚቋቋም የሚናገር። ኤችዲ 600 ሦስት መቶ ኦም ነው፣ ዲቲ 990 ፕሮ የተለመደው 250 ነው፣ 560ኤስ 120፣ ኬ702 62፣ የፊሊፕስ ኤስኤችፒ9500 ደግሞ 32። የስልክ ዶንግል፣ ያቺ ታይፕ ሲ ላይ የምትሰካዋ ጃክ ያላት አጭር ገመድ፣ ደህናዋ የምትሰጠው ወደ 1 ቮልት ነው። አሁን ሒሳቡን ሥሩ፣ ቮልቱን በራሱ አባዙና ለኦሙ አካፍሉ፣ የሚመጣው ኃይሉ ነው፣ በዋት። 32 ኦም ላይ 31 ሚሊዋት ገደማ ይወጣል፣ 300 ኦም ላይ ግን 3.3 ብቻ። ለዛ ነው አንዳንድ ሰው ኤችዲ 600 ገዝቶ ስልኩ ላይ ሰክቶ "ይሄ ነው እንዴ?" የሚለው። ይሰማል፣ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ይበቃል ሊል የሚችልም ሰው አለ፣ ዝቅ ተደርጎ የተቀዳ የድሮ ዘፈን ላይ ግን ድምፁን መቶ በመቶ ከፍታችሁም ይጎድላችኋል።

ኦም ብቻውን ግን ያታልላል። ሴንሲቲቪቲ የሚባል ሌላ ቁጥር አለ፣ በዴሲቤል የሚጻፍ፣ ለተሰጠው ኃይል ምን ያህል ይጮሃል የሚለውን ነው የሚናገረው። የፊሊፕሱ 101 ዴሲቤል ነው የተጻፈለት፣ የሃይፊማን ኤችኢ400ኤስኢ ደግሞ 91፣ ኦማቸው ተቀራራቢ ሆኖ ሳለ። ልዩነቱ 10 ዴሲቤል ነው፣ 10 ዴሲቤል ማለት ደግሞ እኩል እንዲጮሁ ፕላናሩ አሥር እጥፍ ኃይል ይፈልጋል ማለት ነው። ስለዚህ "32 ኦም ነው በስልክ ይሠራል" የሚላችሁን ሻጭ ዝም ብላችሁ አትመኑት።

ከዶንግል የአፕልዋ ርካሽና ንጹሕ ናት፣ ግን ሁለት ነገር እወቁ፣ ለአውሮፓ ገበያ የሚሸጠው ቮልቱ የሌላውን ግማሽ ነው፣ ሁለተኛ ብዙ አንድሮይድ ስልኮች ላይ ድምፁ ዝቅ ብሎ ነው የሚወጣው። ስለዚህ አንድሮይድ ከሆናችሁ የሌላ ድርጅት ጠንከር ያለ ዶንግል ግዙ። አንዳንዱ ሰው ደግሞ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ ሶኬት የሚፈልግ አምፕ፣ ማለት የድምፁን ኃይል የሚጨምር ማሽን፣ ይገዛል፣ እሱ በኃይል ይበልጣል ምንም ጥያቄ የለውም፣ እዚህ ሰፈር ግን መብራቱን ታውቁታላችሁ፣ የጠፋ ለት አምፑም ሄድፎኑም ጌጥ ነው የሚሆነው፣ ሲመጣ ደግሞ ከፍ ዝቅ እያለ ነው የሚመጣው፣ ያለ ስታብላይዘር ውድ አምፕ መሰካት ድፍረት ይጠይቃል። እኔ ለዚህ ሰፈር ሰው የምመክረው በስልክ ባትሪ የሚሠራ ዶንግልና በሱ የሚነዳ ሄድፎን ነው። ማታ መብራት ጠፍቶ ሰፈሩ ጭር ሲል ነው እኮ ከምንም በላይ ደስ የሚለው መስማት።

አሁን ብር። ዋጋ በብር አልናገርም፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ነገር ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዛሬ የምነግራችሁ ብር ለሚቀጥለው ወር አይሠራም፣ በዶላር ልንገራችሁና የዕለቱን ምንዛሪ ራሳችሁ አስሉት። ከ50 ዶላር በታች ከሆነ ኪሳችሁ፣ ኮስ ፖርታ ፕሮ አለ፣ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ መልኩ ሳይቀየር የሚሸጥ፣ ትንሽ፣ ታጥፎ ኪስ የሚገባ፣ ቤዙ ሞቅ ያለ። የዛው የኮስ ኬኤስሲ75 ጆሮ ላይ የሚንጠለጠል ነው፣ 20 ዶላር አካባቢ፣ ስታዩት የሕፃን መጫወቻ ይመስላል፣ ስትሰሙት ግን ትገረማላችሁ። ስልክም በቀላሉ ይነዳቸዋል። ብዙ ሰው ከዚህ ማለፍ ባያስፈልገውም ያልፋል፣ እኔም አልፌያለሁ፣ አልፈርድም።

ወደ 100 ስትጠጉ ኤስኤችፒ9500 ወይም 400ኤስኢ። ከ150 እስከ 200 እና ትንሽ ከፍ ሲል 990 ፕሮ፣ 560ኤስ፣ 6ኤክስኤክስ አሉ፣ ጥሩው ጨዋታ እዚህ ነው ያለው። 300 አካባቢና ከዛ በላይ ኤችዲ 600፣ ሰንዳራ። ከዛ በላይ ያለውን፣ እንደ ኤችዲ 800ኤስ ያለ ከ1,500 ዶላር በላይ የሚጠይቅ ነገር፣ እዚህ ቁጭ ብሎ ማውራቱ እኔንም እናንተንም አይጠቅምም፣ ኮርኒስ ያላለቀለት ቤት ስንቶቻችን ነን ያለን።

ዋናው ግን ገንዘቡን ስትመድቡ ለሄድፎኑ ብቻ አትመድቡ። 200 ዶላር ያለው ሰው የ200 ዶላር ሄድፎን መግዛት የለበትም፣ 150ውን ለሄድፎን፣ የቀረውን ለዶንግል፣ ለትርፍ ፓድ (ጆሮ ላይ የሚያርፈው ስፖንጅ) እና ለሚያመጣለት ሰው። የሚያመጣ ሰው ስል፣ እዚህ ሱቅ ላይ እነዚህን ሞዴሎች ማግኘት ከባድ ነው፣ ቦሌም መርካቶም ያለው አብዛኛው ብሉቱዝና ዝግ ነው፣ ስለዚህ ከአሜሪካ ወይ ከዱባይ በሚመጣ ዘመድ ነው የሚገባው። የዘመድ ሻንጣ ደግሞ ኪሎው የተቆጠረ ነው፣ ካርቶኑን እዛው ጥሎ ልብስ መሃል አድርጎ እንዲያመጣው ንገሩት። መርካቶ ላይ የሴንሃይዘር ስም ተጽፎበት በጣም ርካሽ ያያችሁት ነገር ካለ ደግሞ ስሙ ብቻ ነው የሴንሃይዘር።

ያገለገለ ስትገዙ፣ ሞኖ የሆነ፣ ማለት በሁለቱም ጆሮ አንድ ዓይነት ድምፅ ያለው፣ የድሮ ዘፈን ክፈቱ፣ ድምፃዊው ልክ መሃል ላይ ካልቆመና ወደ አንድ ጎን ካደላ አንዱ ድራይቨር ደክሟል ማለት ነው። ከዛ በጣም ዝቅ ያለ ቤዝ ቀስ ብላችሁ አጫውቱ፣ ዝርርር የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ብዙ ጊዜ ድራይቨሩ ላይ ያረፈ ፀጉር ነው፣ ይጠረጋል፣ አንዳንዴ ግን የተቀደደ ነው፣ አይጠረግም። ኬብሉ የሚነቀል መሆኑን እዩ። 990 ፕሮው የሚነቀል አይደለም፣ ሽቦው ከተበጠሰ ብየዳ ነው፣ የ600ዎቹ ቤተሰብ ግን ኬብሉም ፓዱም የራስ ማሰሪያ ስፖንጁም ሁሉም ተፈታትቶ ይቀየራል፣ ለዛም ነው ሃያ ዓመት የሞላው 600 አሁንም የሚሠራው።

አቧራው! ረስቼው ነበር። እዚህ አስፋልት ያልገባበት መንገድ ዳር የምትኖሩ፣ ኦፕን ባክ ጀርባው ወንፊት ነው፣ አቧራ ይገባበታል። ጠረጴዛ ላይ ተንጠልጥሎ ማሳያ እንዳታደርጉት፣ ሰምታችሁ ስትጨርሱ ከረጢት ውስጥ አስገቡት፣ ነጠላም ብትጠቀልሉበት ይሆናል። በአፍ እፍ አትበሉት፣ ምራቅ ይገባል፣ ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል።

ጥያቄ ካለ... እሺ ጋሼ።

ጋሼ የጠየቁት "ዕድሜዬ ገፍቷል፣ ቀጭኑ ድምፅ ድሮ እንደነበረው አይሰማኝም፣ ለኔ ውድ መግዛት ምን ያደርጋል" ነው። ጋሼ ጥሩ ጥያቄ ነው። ዕድሜ ሲጨምር መጀመሪያ የሚቀንሰው በጣም ከፍተኛው ትሪብል ነው፣ የሰው ድምፅና የማሲንቆው ዋናው ነገር ግን ከዛ በጣም በታች ነው። ስለዚህ እርሶ የሚወዱት መሃሉ ስለሆነ ብዙ አይቀርብዎትም። እንዲያውም ያ ወጣቱን ራሱን የሚያሳምመው ስለታም ሄድፎን ለእርሶ ልክ ሊሆን ይችላል፣ እዚህ ሁለቱንም አምጥቻለሁ ሞክረው ይንገሩኝ። ብቻ ድምፁን አብዝተው አይክፈቱ፣ የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው 80 ዴሲቤል ላይ በሳምንት 40 ሰዓት፣ 90 ላይ ግን 4 ሰዓት ብቻ ነው። አሥር ዴሲቤል ጨምሮ አሥር እጥፍ ሰዓት ይቀንሳል ማለት ነው።

እዛ ያለችው እህታችን ደግሞ ቤት ውስጥ መዝሙር ትቀርጻለች፣ ጥያቄዋ ለሚክስ፣ ማለት የተቀረጸውን ድምፅ አመጣጥኖ ለማዋሃድ፣ ይሆናል ወይ ነው። ለሚክስ በጣም ይሆናል፣ ኤችዲ 600ን ስንት ባለሙያ ይሠራበታል፣ የኅብረ ዝማሬው ድምፅ አንዱ ከአንዱ ሲለያይ በደንብ ትሰሚያለሽ። ስትቀርጪ ግን ዘማሪው ጆሮ ላይ ኦፕን ባክ እንዳታደርጊ፣ የሚሰማው ሙዚቃ በሙሉ ማይኩ ውስጥ ይገባል፣ ለሱ ርካሽ ዝግ ሄድፎን ግዢ። ቤዙን ደግሞ በኦፕን ባክ ብቻ አትወስኚ፣ ያንሳል ብለሽ ስትጨምሪ ቤተ ክርስቲያን ስፒከር ላይ ሲከፈት ጣራውን ያነሳዋል።

አንተስ? ኢኳላይዘር፣ ማለት ቤዙንና ትሪብሉን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው፣ ይሠራል ወይ ነው። አዎ ይሠራል። አንድሮይድ ላይ ዌቭሌት የሚባል አፕ አለ፣ ነፃ ነው፣ የሄድፎንህን ስም ስትመርጥ የተለካውን ማስተካከያ ራሱ ያመጣልሃል። የ990ውን ስለት ሊቀንስልህ ይችላል። ግን ቤዝ ስትጨምር አጠቃላዩን ድምፅ ዝቅ ማድረግ አለብህ፣ ካለዛ ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ዝቅ ስታደርግ ደግሞ ዶንግሉ ኃይል ያጥረዋል፣ ስለዚህ እሱም ወደ ኃይሉ ሒሳብ ይመልስሃል።

ለጌም ይሆናል ወይ? አዎ፣ ፐብጂ የሚባለው የተኩስ ጌም ላይ የእግር ኮቴ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ጥሩ ነው፣ ማይክ ግን የለውም፣ ለብቻው ትገዛለህ። ቀጣይ... የለም? እሺ በቃ። ያመጣኋቸውን አራት ሄድፎኖች ጠረጴዛው ላይ ደርድሬያለሁ፣ በራሳችሁ ስልክና በራሳችሁ ዘፈን ሞክሩ፣ የኔን ዘፈን አልከፍትላችሁም። አንድ ሰው ሁለት ዘፈን፣ ሰልፉ ረጅም ነው። ልጆች፣ ኬብሉን አትጎትቱ፣ የ990ው የሚነቀል አይደለም ብያችኋለሁ።